የቡድሃ ሕይወት በግዕዝ፦ ከሕንድ እስከ ጎንደርና መተማ ቆላ

«በራላም ወይዋስፍ» የተሰኘው መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በ1553 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያስተረጎሙት ዐፄ ገላውዴዎስ፣ የተረጎሙት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ናቸው። መጽሐፉ የአባቱን ዙፋን ትቶ ስለ መነነ አንድ የሕንድ ልዑል ይተርካል። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ልዑሉን እንደ ክርስቲያን ቅዱስ ተቀብለው አነበቡት፣ ገለበጡት። የታሪኩ ሥር ግን ከክርስቶስ ልደት ብዙ መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ በሰሜን ሕንድ የኖረው ሲዳርታ ጎታማ፣ ማለትም ቡድሃ ነው። አንድም የቡድሃ ገዳም ባልተተከለበት አገር የቡድሃ ሕይወት የተነበበው በዚህ መንገድ ነበር።

ሲዳርታ የተወለደው ዛሬ በኔፓል ግዛት በምትገኘው ሉምቢኒ ሲሆን አባቱ ሹዶዳና የሻክያ ጎሣ አለቃ ነበር። በትውፊቱ መሠረት ሕፃኑ ወይ ታላቅ ንጉሥ ወይ ታላቅ መናኝ እንደሚሆን ተተንብዮለት ነበርና አባትየው ንግሥናውን መርጦ ልጁን ሐዘን በማይገባበት ቤተ መንግሥት አሳደገው። ልጁ ግን አድጎ ከግቢው ሲወጣ ሽማግሌ አየ፤ ቀጥሎ በሽተኛ፣ ከዚያም ሬሳ አየ፤ በመጨረሻም ፊቱ የረጋ መናኝ አገኘ። በ29 ዓመቱ ሚስቱንና ልጁን ትቶ ወጣ። ከሁለት መምህራን ሥር ተምሮ አልረካም። ለስድስት ዓመት ያህል አጥንቱ እስኪቆጠር ጾመ፤ ይህም መፍትሔ እንዳልሆነ ሲረዳ እህል ቀምሶ በቦድጋያ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠና በ35 ዓመቱ የፈለገውን እውነት አገኘ። ቅምጥልነትንም ሰውነትን ማሠቃየትንም የተወው ይህ አቋም «መካከለኛው መንገድ» ይባላል። ከዚህ በኋላ ለ45 ዓመታት እየዞረ አስተምሮ በ80 ዓመቱ በኩሺናጋር ዐረፈ።

በሳርናት የሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት በአራት እውነቶች ላይ የቆመ ነው። ኑሮ ሥቃይ አለበት፤ የሥቃዩ ሥር የማይረካ ምኞት ነው፤ ምኞቱ ሲነቀል ሥቃዩም ያበቃል፤ ወደዚያ የሚያደርስም መንገድ አለ። የመንገዱ ስምንት ዘርፎች ቀና አመለካከት፣ ቀና አሳብ፣ ቀና ንግግር፣ ቀና ተግባር፣ ቀና መተዳደሪያ፣ ቀና ጥረት፣ ቀና ንቃትና ቀና ጥሞና ናቸው። መድረሻው ኒባና ይባላል። ኒባና በካርታ የሚገኝ አገር ወይም ከሞት በኋላ የሚገባበት ገነት አይደለም፤ የስግብግብነት፣ የጥላቻና የድንቁርና እሳት ፈጽሞ መጥፋቱ፣ ከዚያም ጋር መወለድና መሞት የሚደጋገምበት ዙሪት መቋረጡ ነው።

ይህን ትምህርት መማር ሦስት ደረጃ አለው፦ መስማት፣ የሰሙትን ማሰላሰል፣ ከዚያም በኑሮና በጥሞና መለማመድ። ትምህርቱ ለብዙ ትውልድ የተላለፈው በቃል ነው። መነኮሳት በኅብረት እየደገሙ ይዘውት ቆይተው በስሪላንካ በፓሊ ቋንቋ በጽሑፍ የሰፈረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ መቶ ዓመት ገደማ ነው። ተማሪው ቃሉን በአፉ ይዞ፣ ምግቡን ለምኖ፣ በመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል። አኩፋዳ አንጠልጥሎ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደብር ደብር የዞረ የጎንደር ቆሎ ተማሪ ይህን ሥርዓት ቢያይ ብዙም አይደንቀው ነበር። አንዱ ከሌላው ወሰደ ለማለት ግን ማስረጃ የለም፤ መጽሐፍ ውድ በሆነበት ዘመን ትምህርት በቃል መያዙ በየትም አገር የሚጠበቅ ነው።

ኢትዮጵያና የሕንድ ዓለም የተዋወቁት ከመጽሐፉ እጅግ ቀደም ብለው ነው። በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳም በ1940 ሰሜን ሕንድን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ከ100 የሚበልጡ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ከእነዚህ ነገሥታት አንዱ ካኒሽካ በቡድሃ እምነት ትውፊት ታላቅ ደጋፊ ሆኖ የሚታወስ ነው። ወርቁ በአዱሊስ ወደብ ንግድ በኩል እንደ ገባ ይገመታል። ሳንቲም ግን ሃይማኖት አያስተምርም። ትምህርቱ፣ ያውም ተለውጦ፣ የመጣው ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ በሌላ አቅጣጫ ነው።

የታሪኩ ጉዞ ረጅም ነው። ከሕንድ ወደ ፋርስ ተሻገረ፤ ከዚያም በአባሲድ ኸሊፋዎች ዘመን ወደ ዐረብኛ ገባ። የጆርጂያ መነኮሳት ከዐረብኛው ወስደው ክርስቲያናዊ መልክ ሰጡት። በአቶስ ተራራ ይኖር የነበረው፣ በ1028 ያረፈው ጆርጂያዊው ኤውቲሚዮስ ወደ ግሪክ እንዳሻገረው ይታመናል፤ የግሪኩ ቅጂ ለረጅም ዘመን በስሕተት ለዮሐንስ ዘደማስቆ ሲሰጥ ኖሯል። ከግሪክ ወደ ላቲንና እንደገና ወደ ክርስቲያን ዐረብኛ ተመለሰ፤ ዕንባቆም እጅ የደረሰው ይህ የመጨረሻው ነው። የልዑሉ ስም ራሱ ዱካውን ይዟል፦ «ቦዲሳትቫ» በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ሆነ፣ በፊደሉ ሥር የምትደረገው ነጥብ ስትዛባ «ዩዳሳፍ» ተባለ፣ ከዚያም «ይዋስፍ»።

እጨጌ ዕንባቆም ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ሰው ነበሩ ማለት ይቻላል። የመን ተወልደው በእስልምና ያደጉ፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ክርስትናን የተቀበሉ፣ በደብረ ሊባኖስ መንኩሰው የገዳሙ 11ኛ አለቃ ለመሆን የበቁ ናቸው። ዐረብኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነበር። ክርስቲያናዊውን መንግሥት ለወጋው ለኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ) የጻፉት «አንቀጸ አሚን» ስለ እስልምና የነበራቸውን ጥልቅ ዕውቀት ያሳያል። «በራላም» የተተረጎመው አሕመድ በ1543 በወይና ደጋ ከተገደለ ከ10 ዓመት በኋላ ነው። በጦርነቱ ገዳማት ተቃጥለው፣ መጻሕፍት ጠፍተው ነበርና የትርጉም ሥራው የተራቆተውን ዕቃ ቤት የመሙላት ያህል ነበር። ምናኔን የሚያወድስ መጽሐፍ ለዚህ መመረጡም አያስገርምም።

በግዕዙ መጽሐፍ ልዑሉ አስተማሪ አለው። መናኙ በራላም የነጋዴ ልብስ ለብሶ፣ ዋጋ የማይገኝለት ዕንቁ ይዤ መጥቻለሁ ብሎ በር ጠባቂዎቹን አልፎ ይገባል፤ ዕንቁው ወንጌል ነው። ትምህርቱን የሚያስተላልፈው በምሳሌ ነው። ከምሳሌዎቹ የታወቀው የጕድጓዱ ሰው ነው። አንድ ሰው ከሚያሳድደው አውሬ ሲሸሽ ጕድጓድ ውስጥ ይወድቅና አንዲት ቍጥቋጦ ይዞ ይንጠለጠላል። ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል፤ እግሩን ባሳረፈበት ቦታ አራት እባቦች ራሳቸውን አውጥተዋል፤ የቍጥቋጦዋን ሥር ነጭና ጥቁር አይጥ ተራ በተራ ይቆረጥማሉ። ሰውየው ግን ከቅርንጫፉ የሚንጠባጠብ ጥቂት ማር አይቶ ሁሉንም ይረሳል። አውሬው ሞት፣ አይጦቹ ቀንና ሌሊት፣ እባቦቹ ሥጋ የተሠራባቸው አራቱ ባሕርያት፣ ማሩ የዓለም ጣዕም ነው። ይህ ምሳሌ ሕንዳዊ ነው፤ በማሃባራታም ይገኛል። ለመመንኮስ በተዘጋጀ የአበሻ ወጣት ጆሮ ግን ፈጽሞ ባዕድ አይመስልም።

በመንገድ ላይ የጠፋው ከተረፈው የበለጠ ነው። ቡድሃ ስለ ፈጣሪ አላስተማረም፤ በመጽሐፉ ሁሉም ነገር በፈጣሪ ላይ ቆመ። የመወለድና የመሞት ዙሪት ቀረ፣ በምትኩ የፍርድ ቀን ገባ። አራቱ እውነቶችና ስምንቱ ዘርፎች ደብዛቸው ጠፋ፤ ኒባና መንግሥተ ሰማያት ሆነ። እውነቱን ያለ መምህር ራሱ ያገኘው ሰው የሌላ ደቀ መዝሙር ሆኖ ቀረ። ከሁሉ የከፋው ግልበጣ ግን ሌላ ነው፦ ሲዳርታ ጾሙን ፈትቶ ነበር እውነቱን ያገኘው፤ ይዋስፍ ግን በረሃ ወርዶ ሥጋውን እየጎሰመ ኖሮ በዚያው ያርፋል። የቡድሃ ዋና ግኝት፣ መካከለኛው መንገድ፣ በገዛ ታሪኩ ውስጥ ተገለበጠ። ተርጓሚዎቹን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ የተቀበሉት የክርስቲያን መጽሐፍ ነበር፣ ያስተላለፉትም ያንኑ ነው።

መጽሐፉ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ሲገለበጥና ሲነበብ፣ የመዲናይቱ የጎንደር የምዕራብ በር መተማ ነበር። ዕንባቆም የመጡት በቀይ ባሕር በኩል ስለሆነ የበራላም መግቢያ ይህ ቆላ አይደለም። ነገር ግን ኦቶማኖች በ1557 ምጽዋን ከያዙ በኋላ ከጎንደር በጭልጋ ወደ መተማ፣ ከዚያም ወደ ስናርና ካይሮ የሚወርደው መንገድ ክብደቱ ጨመረ። ዐፄ ኢያሱን ያከመው ፈረንሳዊ ሐኪም ፖንሴ በ1699 ጎንደር የደረሰው በስናር በኩል ነው። የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስም በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ፣ መጽሐፈ ሄኖክን የያዘውን የግዕዝ ብራና ጭነቱን አሳፍሮ የመተማን አካባቢ፣ ያኔ ራስ አል ፊል ይባል የነበረውን ቆላ አቋርጧል። የመተማን ገበያ ያደራጁት ከዳርፉርና ከዚያ ማዶ ለሐጅ ወጥተው እዚያው የሰፈሩት ተክሩሮች ነበሩ። ቡና፣ ሰም፣ ከብትና ባሪያ ይሸጥበት ነበር፤ ሹሞቹም በ19ኛው መቶ ዓመት ለኢትዮጵያም ሱዳንን ለያዙት ግብፆችም ግብር ይከፍሉ ነበር።

ከነጋዴው መንገድ ጎን መናኙም ነበር። በቋራና በመተማ ቆላ የሚገኘው የማኅበረ ሥላሴ አንድነት ገዳም ንብረትን በግል መያዝን ትተው በማኅበር የሚኖሩ መነኮሳት ቤት ነው። ሙቀቱና ወባው ሰው በሚያሸሽበት፣ የዕጣን ዛፍ በበዛበት በረሃ የመኖር ምርጫ የይዋስፍን ፍጻሜ ያስታውሳል። የገዳሙ ሥርዓት ግን የመጣው ከግብፅ በረሃ አበው ነው።

ለመጽሐፉ ቅጂዎች ዕጣ የቋራው ሰው ዐፄ ቴዎድሮስ ሳያስቡት ወሳኝ ሆኑ። በ1860ዎቹ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ብዙዎቹ ተዘርፈው ለንደን ገቡ። በጎንደር የቀረው ደግሞ በጥር 1888 ከመተማ በኩል የመጣው በአቡ አንጃ የተመራው የሱዳን ደርቡሾች (የማህዲ ተከታዮች) ጦር አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥል ተጎዳ። በዓመቱ፣ በመጋቢት 1889፣ ዐፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በዚያው በመተማ ቆስለው ዐረፉ፤ ከተማዋ ዛሬ መተማ ዮሐንስ የምትባለው በእሳቸው ስም ነው።

የልዑሉ ማንነት የተገለጠው በአውሮፓ ነው። የፖርቱጋሉ ታሪክ ጸሐፊ ዲዮጎ ዶ ኮቶ በ1612 የሁለቱን ታሪኮች መመሳሰል ጠቁሞ ነበር፤ በ1859 ፈረንሳዊው ላቡላዬ፣ በተከታዩ ዓመት ጀርመናዊው ሊብሬኽት በማስረጃ አጸኑት። የግዕዙን ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ያሳተመው ዎሊስ ባጅ ነው፤ በ1923፣ በብሪቲሽ ሙዚየም ከነበሩት ብራናዎች። በቆየው የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ የሲዳርታን የሕይወት መስመር ማየት የሚፈልግ አንባቢ «በራላም ወይዋስፍን» ያንብብ። የኒባናን መንገድ ለመማር የሚፈልግ ግን በዚያ መጽሐፍ አያገኘውም፤ የፓሊውን መጻሕፍት መክፈት አለበት።