ከጥላሸት እስከ ፊለር፦ ከንፈር ከመሞላቱ በፊትና በኋላ

ለውበት ብሎ አፍን በመርፌ ማስወጋት ለምዕራብ ሸዋ አዲስ ነገር አይደለም። አምቦ ወይም ጊንጪ ገበያ ስትወጡ፣ አንዲት እናት ከልባቸው ሲስቁ ድዳቸውን ልብ በሉ። ከጥርሳቸው በላይ ወደ ሰማያዊ የሚወስደው ጥቁረት የተፈጥሮ ላይሆን ይችላል፤ ተነቅሰውት ይሆናል። ዛሬ በስልካችሁ «በፊት» እና «በኋላ» ተብሎ ጎን ለጎን የሚመጣላችሁ የከንፈር ፊለር ፎቶ የዚያ ንቅሳት ታናሽ ወንድም ነው።

ስለ ፊለር ብዙ ጊዜ የሚነሱት ጥያቄዎች ይታወቃሉ። ያምማል ወይ? ስንት ወር ይቆያል? መቼ ነው እብጠቱ የሚጎድለው? ወደ እነሱ እንመጣለን። የታሪኩን መንገድ የተከተለ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ያስቀድማል፦ የገባው ነገር ቢበላሽ መውጣት ይችላል?

ከአያቶቻችሁ እንጀምር። ነቃሿ መርፌዎችን በአንድ ላይ ታስራለች፤ በአንዳንድ ቦታ እሾህም ያገለግላል። ከኩራዝ የተጠረገ ጥላሸት ድዱ ላይ ይቀባል፣ ድዱ ይወጋል፣ ይደማል፣ ጥላሸቱ ይደገማል። ለምን? አንደኛ ጥቁር ድድ ጥርስን ነጭ አድርጎ ያወጣዋል። ሁለተኛ ደግሞ የሚደማና የሚያብጥ ድድን ያጠነክራል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ማለትም ውበትና ሕክምና አልተለያዩም። ያን ጊዜም «በኋላ» የሚባል ነገር ነበረ፦ ያበጠ አፍ፣ ትኩስና በርበሬ የማይቀምስ አፍ። አያታችሁ፣ ወይም ቤታችሁ ውስጥ አኮ የምትሏቸው፣ ተነቅሰው ከሆነ ጠይቋቸው። ከእኛ በተሻለ ይነግሯችኋል።

ቀለሙ ዕድሜ ልክ የሚቆየው ለምን እንደሆነ ግን አያታችሁ ላይነግሯችሁ ይችላሉ። ጥላሸት በአብዛኛው ካርቦን ነው። ሰውነታችን ውስጥ ባዕድ ነገር ሲያገኙ የሚውጡ ማክሮፌጅ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ጥላሸቱንም ይውጡታል፤ መፍጨት ግን አይችሉም። ሕዋሱ ሲሞት የያዘውን ይለቃል፣ አጠገቡ ያለው ተቀብሎ ይውጠዋል። እንዲህ እየተቀባበሉ ሃምሳ ዓመት ይሞላል። ሰውነት ለካርቦን የሚሆን ማፍረሻ የለውም፤ ይህን ነገር ያዙልኝ፣ የቀረው ታሪክ ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚዞረው።

የንቅሳት ትልቁ አደጋ ጥላሸቱ ሳይሆን መርፌው ነበር። በአንድ መርፌ እህትማማች ወይም ጎረቤታሞች ተራ በተራ ሲነቀሱ የጉበት ቫይረስም አብሮ ይዞራል። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1986 ከታወቁ በኋላ ደግሞ «ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ» የሚለው ምክር በየትምህርት ቤቱ ተሰማ።

ከንፈርን ራሱን በሚመለከት አገራችን ውስጥ በሰፊው የሚታወቀው የሙርሲና የሱሪ ሴቶች ልማድ ነው። ልጅቷ 15 ወይም 16 ዓመት ገደማ ሲሆናት የታችኛው ከንፈሯ ይበሳና እንጨት ይገባበታል። ቁስሉ ሲድን በሰፋ ይተካል፤ ከወራት በኋላ ሸክላ መያዝ ይችላል። ቱሪስት ፎቶ አንስቶ ይሄዳል እንጂ ሸክላው እንደሚወልቅ፣ የተለጠጠው ከንፈር ግን በቀዶ ሕክምና ካልሆነ እንደማይሰበሰብ ብዙም አያስብም።

አሁን ከኦሞ ወደ ቪየና እንሻገር፤ ከንፈርን ከውስጥ በሚገባ ነገር የመሙላት ሐሳብ የመጣው ከአውሮፓ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1899 ሮበርት ገርሱኒ የተባለ ቀዶ ሐኪም፣ በቲቢ ምክንያት የዘር ፍሬው ለተወገደለት ሰው ቦታውን በቫዝሊን ሞላለት። ውጤቱ አማረ። ሌሎች ሐኪሞች ተከተሉት፤ ቫዝሊኑ በጠንከር ያለ ፓራፊን ተተካ፤ እሱን አሙቆ ወደ አፍንጫ፣ ወደ ጉንጭ፣ ወደ ጡት መውጋት ፋሽን ሆነ። ፓራፊን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ መብራት ሲጠፋ የምትለኩሱት ሻማ የሚሠራበት ነው።

ሰውነት ለፓራፊንም ማፍረሻ የለውም። ይባስ ብሎ ባለበት አይቆይም። በኋላ የእንግሊዙ የማርልበሮ መስፍን ሚስት የሆነችው አሜሪካዊቷ ግላዲስ ዲከን በቁንጅናዋ ስሟ የገነነ ነበር። አፍንጫዋ ቀጥ እንዲል በወጣትነቷ ፓራፊን አስወጋች፤ ፓራፊኑ ወደ አገጯ ወረደ። በሌሎች ሰዎች ላይ እባጭ ሆኖ ደደረ፣ ቆዳን አቆሰለ፣ ወደ ደም ሥር የገባባቸው ደግሞ ዓይናቸውን ያጡ አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሐኪሞቹ ውሸታሞች አልነበሩም። ያሳዩት «በኋላ» እውነተኛ ነበር፤ የሳምንታት «በኋላ» ነበር እንጂ የዓመታት አልነበረም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈሳሽ ሲሊኮን መጣና ያንኑ ስህተት በአዲስ ዕቃ ደገመው። እሱን እንለፈው። ቀጥሎ ከላም ቆዳ የሚወጣ ኮላጅን እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ሰውነት ኮላጅንን ማፍረስ ይችላል፤ ትልቅ እርምጃ ነበር። ግን የላም ስለሆነ አለርጂ የሚያስነሳባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ስለዚህ አስቀድሞ ክንድ ላይ ሞክሮ ሳምንታት መጠበቅ ግድ ነበር። ይህ ሁሉ ተጠብቆም የሚቆየው ለጥቂት ወራት ነበር።

ዛሬ በብዙ መርፌዎች ውስጥ ያለው ነገር የተገኘው ከውበት ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው ቦታ፣ ከላም ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካርል ማየርና ጆን ፓልመር የላም ዓይንን ከሚሞላው እንደ ጄሊ ያለ ነገር አንድ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ለዩ። መስታወት ከሚለው የግሪክ ቃል ተነስተው ሃያሉሮኒክ አሲድ አሉት። ዋና ጠባዩ ውሃ መያዝ ነው። በእናንተም ውስጥ አለ፤ 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው ውስጥ ወደ 15 ግራም ይገመታል፣ ከዚያም ሲሶው ያህል በየቀኑ ፈርሶ በአዲስ ይተካል። ለዚህኛው ሰውነት ማፍረሻ አለው ማለት ነው።

አንድሬ ባላዝ የተባለ ሃንጋሪ ተወላጅ ሳይንቲስት መጀመሪያ ያሰበው በዳቦ ቤት የእንቁላል ነጭን እንዲተካ ነበር። (የሳይንስ ታሪክ እንዲህ ነው፤ ከኬክ ተነስቶ ከንፈር ላይ ይደርሳል።) በኋላ በአውራ ዶሮ አናት ላይ ከምታዩት ቀይ ሥጋ እያጠራ ለዓይን ቀዶ ሕክምና አዋለው። የዶሮው፣ የላሙ፣ የባክቴሪያውና የእናንተው ሃያሉሮኒክ አሲድ በኬሚስትሪ አንድ ነው፤ ስለዚህ እንደ ላም ኮላጅን አስቀድሞ የአለርጂ ሙከራ አላስፈለገም። አሁን አብዛኛው በባክቴሪያ ነው የሚመረተው። ንጹሁ ሰንሰለት በቀናት ስለሚፈርስ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ እንዲታሰሩ ይደረጋል፤ ያኔ ለወራት ይቆያል። ሬስቲሌን የተባለው ምርት እ.ኤ.አ. በ1996 አውሮፓ ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ፤ በ2003 አሜሪካ ለፊት እጥፋት፣ በ2011 ደግሞ ለከንፈር ፈቀደችለት፤ ለከንፈር ሲሆን ከ21 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ብቻ።

የታሪኩ ቁልፍ ግን ሌላ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ፍራንሴስክ ዱራን ሬናልስ የተባለ የካታሎኒያ ተወላጅ ተመራማሪ፣ ከእንስሳ የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ቫይረስን በቆዳ ውስጥ በፍጥነት እንደሚያሰራጭ አየ። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ኤንዛይም ሃያሉሮኒክ አሲድን የሚበጣጥስ መሆኑ በኋላ ታወቀ፤ ስሙም ሃያሉሮኒዴዝ ሆነ። ጥላሸት፣ ፓራፊንና ሲሊኮን ያላገኙት ነገር ይሄ ነው። ፊለሩ ከተበላሸ ኤንዛይሙ ይወጋል፣ በሰዓታት ውስጥ መሟሟት ይጀምራል።

ታዲያ «ፊለር ይመለሳል» ሲሏችሁ እውነት ነው፤ ኤንዛይሙ ባለበት ቦታ። ለምዕራብ ሸዋ ልጅ ጉዳዩ የኬሚስትሪ ብቻ ሳይሆን የመንገድም ነው። ከአዲስ አበባ አምቦ ከ110 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጉደርና ጌዶን አልፎ ባኮ 250 ገደማ ነው። አንዲት ልጅ ጠዋት አዲስ አበባ ሄዳ ከንፈሯን አስሞልታ ከሰዓት መኪና ስትሳፈር አስቡ። ከንፈርን የሚመግቡት የደም ሥሮች በላይኛውና በታችኛው ከንፈር ውስጥ ነው የሚያልፉት። ፊለሩ እነሱ ውስጥ ከገባ ወይም ከውጭ ከተጫናቸው ደም ይቆማል። ማደንዘዣው ሕመሙን ይሸፍነዋል። ሆለታን አልፋ፣ ጊንጪን አልፋ፣ አምቦ ስትደርስ «ያው እብጠት ነው» ብላ ትተኛለች። ሥጋው ግን በየሰዓቱ እየሞተ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በብዛት አይደርስም፤ ሲደርስ ግን የሚፈርደው ሰዓት ነው።

ስለዚህ እብጠትን ከአደጋ መለየት እወቁ። ተራ እብጠት ሁለቱንም ጎን ይይዛል፣ ሲነካ ያማል፣ ቀስ በቀስ ይጎድላል። የደም መቆም ሕመም ግን እየጨመረ ይሄዳል፤ ቆዳው ይገረጣል፣ ቆይቶም እንደ መረብ ያለ ወይን ጠጅ ቀለም ያወጣል፣ በኋላም ይቆስላል። ከንፈሩን በጣት ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ገደማ መመለስ አለበት። በጠቆረ ቆዳ ላይ መገርጣት ቶሎ አይታይምና የከንፈሩን ውስጠኛ ክፍል ገልብጣችሁ እዩ። (የተነቀሰ ድድ ካለ ግን ድዱን አትመኑት፣ ጥላሸቱ ይሸፍናል።) የማየት ችግር ከመጣ ለደቂቃም አይጠበቅም።

ከዚህ ተነስታችሁ የ«በፊት»ን ዝግጅት ራሳችሁ ልትገምቱት ትችላላችሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ዋጋ ሳይሆን «ሃያሉሮኒዴዝ አሁን እዚህ አለ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «መርፌው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ነው፤ የታሸገውን ዕቃ፣ ስሙንና የሚያበቃበትን ቀን በዓይናችሁ ማየት መብታችሁ ነው። የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ደኅንነት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኃላፊነት ነው። የሚወጋውም ሐኪም ይሁን፤ ፀጉር ቤት ለፀጉር ነው። ያለ መርፌ በግፊት ያስገባል እየተባለ የሚሸጠውን ብዕር መሰል ዕቃም የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 አትጠቀሙ ብሎ አስጠንቅቋል።

ከንፈራችሁን ምች የሚመታችሁ ከሆነ ደግሞ አትደብቁ። ብዙ ጊዜ ምች የምንለው የከንፈር ቁስል ነርቭ ውስጥ የሚተኛ ሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ መርፌው ሊቀሰቅሰው ይችላል። ዳማከሴ አሽቶ መሄድ አይበቃም፣ ሐኪሙ አስቀድሞ ፀረ ቫይረስ ሊያዝ ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ትቆይ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም መርጋትን ስለሚያዘገዩ ከንፈሩ እንዲበልዝ ያደርጋሉ፤ ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ሥራው ራሱ አጭር ነው፤ ማደንዘዣ ቢኖርም ከንፈር ነርቭ የበዛበት ስለሆነ ይቆነጥጣል። ከተቻለ ያን ዕለት አዲስ አበባ እደሩ፤ ዘመድ ቤት ለዚህ ጊዜ ካልሆነ ለመቼ ነው? በማግስቱ ጠዋት ከንፈሩ እናንተን እስኪያስደነግጥ ያብጣል፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ መጉደል ይጀምራል፣ ብልዘቱ ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለአፍታ ያዝ ማድረግ ይረዳል። ሙቀት ግን እብጠትን ያባብሳል፤ ስለዚህ የአምቦ ፍልውሃ ለጥቂት ቀናት ይቅርባችሁ፣ አዋዜውም እንደዚያው። እባጭ ቢዳሰስም ሐኪሙ ካላዘዘ አትሹት።

ስልካችሁ ላይ ያለው «በኋላ» ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚነሳው መርፌው እንደወጣ፣ ሰውዬዋ ገና ወንበሩ ላይ ሳለች ነው። ከሚያምረው ሙላት ከፊሉ እብጠት ነው። እውነተኛው ከንፈር የሚታየው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይቆያል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የሚነሳ ቀይና ጠንካራ እባጭ ካለ ወደ ሐኪም ይኬዳል፤ ያኔ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው የምርቱን ስም ነው። ከካርቶኑ ላይ ያለችውን ተለጣፊ ወረቀት ስጡኝ ብላችሁ ውሰዱና ከመታወቂያችሁ ጋር አኑሯት።