ከኮረብታ ጩኸት እስከ 907

እንጭኒ የምዕራብ ሸዋ ዞን የአደአ በርጋ ወረዳ ከተማ ናት። ስልክ ከመግባቱ በፊት በዚህ ደጋ የእርዳታ ጥሪ የሚተላለፈው በሰው ጉሮሮ ነበር። በኦሮሞ ባህል «እያ» የሚባለውን የድረሱልኝ ጩኸት የሰማ ሰው ተቀብሎ ለሚቀጥለው መንደር ያሰማል፤ እርሱም ጩኸቱ ወደመጣበት ይሮጣል። ምጥ የጸናባትን ሴት ጎረቤት እየተፈራረቀ በቃሬዛ ይሸከማታል። የጥሪው ትልቅ ብልሃት ድምፁ ራሱ አቅጣጫ መጠቆሙ ነበር።

ስልክ ይህን ጥቆማ አስቀረ።

የስልክ ሽቦው በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከሐረር ቢያገናኝም፣ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ የተቋቋመው ግን በ1945 ዓ.ም. ነው። ማዞሪያው በእጅ በሚሠራበት ዘመን ደዋይ መጀመሪያ የሚያገኘው ስልከኛውን ነው። እዚያ መዘግየት ምን እንደሚያስከትል ለንደን በመራራ መንገድ ተምራለች፤ እ.ኤ.አ. በ1935 በዊምፖል ጎዳና ቃጠሎ 5 ሴቶች ሲሞቱ፣ እሳቱን አይቶ የደወለ ጎረቤት ወረፋ ላይ ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 በዚያው ከተማ የ999 የአስቸኳይ ጥሪ አገልግሎት ተጀመረ።

ዛሬ በኢትዮጵያ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 ደግሞ የፖሊስ ቁጥር ነው። የቤት ቁጥር በሌለበት ገጠር ደዋዩ ከሁሉ በፊት ወረዳውንና ቀበሌውን፣ ቀጥሎም በአቅራቢያው ያለውን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት ወይም ወፍጮ ቤት ይናገር። የተጎጂው ሁኔታ ከዚያ ይከተላል፤ ተቀባዩ ጨረስኩ ሳይል ስልኩ አይዘጋ። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ከሆነ፣ ቃሬዛው ከአምቡላንሱ ጋር የሚገናኝበት የመንገድ ዳር ቦታም በዚያው ጥሪ ይወሰናል።