በአፍሪካ ጎዳና ራስጌ የነበረው የደብዳቤ ማሽን

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚዘልቀውን ጎዳና የማያውቅ አዲስ አበቤ አይገኝም። በጎዳናው ራስጌ ያለውን የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ፣ ባንዲራው፣ የመሪዎቹ ስብሰባ ሁሉ ተጽፎለታል። በዚያው ግቢ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከቴሌፎን መስመር ጋር ተያይዞ ስለነበረው ኮምፒዩተር ግን እምብዛም አልተጻፈም።

ኮምፒዩተሩ የነበረው ፓዲስ በተባለው የኮሚሽኑ ክፍል፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1980 በተቋቋመው የመላ አፍሪካ የልማት መረጃ ሥርዓት ውስጥ ነው። ክፍሉን የመሩት ናንሲ ሃፍኪን እ.ኤ.አ. በ2012 በኢንተርኔት የዝና መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ ለመሆን የበቁት በዚህ ሥራቸው ነበር። ያን ጊዜ በአገራችን ኢንተርኔት የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው ፊዶኔት ነው።

ፊዶኔትን እ.ኤ.አ. በ1984 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የጀመረው ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ፊዶ የውሻ ስም ነው፤ እኛ ቡቺ እንደምንለው መሆኑ ነው። ስሙ ከየቦታው በተለቃቀመ ዕቃ ለተገጣጠመ፣ ዘሩ ለማይታወቅ ኮምፒዩተር የወጣ ቅጽል ነበር ይባላል። ማዕከል የሚባል አልነበረውም። በጎ ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው በቤታቸው ባለው ማሽን ደብዳቤ ይቀበላሉ፤ ያጠራቅማሉ፤ ሌሊት ቴሌፎን ሲረክስ ማሽን ለማሽን ይደዋወልና ደብዳቤው ይሻገራል። የሚተዳደረው በደመወዝ ሳይሆን በፈቃድ ነበር፤ የቴሌፎኑን ሒሳብ ግን እያንዳንዱ ከኪሱ ይከፍላል።

ይህ አሠራር ለእኛ አገር መስመር የተቆረጠ ይመስል ነበር። መስመሩ ይንጫጫል፣ መሐል ላይ ይቋረጣል፣ ወደ ውጭ መደወል ደግሞ እሳት ነው። ፊዶ ሁሉንም ይችላል። ጸሐፊው ደብዳቤውን በገዛ ኮምፒዩተሩ ጽፎ ይጨርስና ለአፍታ ወደ ፓዲስ ደውሎ አስቀምጦ ይወጣል። ከዚያ ደብዳቤው ተራውን ጠብቆ ወደ ለንደን ይሻገራል። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና የእርዳታ ድርጅቶች ባልደረቦች፣ ስልክና ፋክስ ከሚጠይቀው ገንዘብ በጥቂቱ ከዓለም ጋር መጻጻፍ የጀመሩት በዚህ በር ገብተው ነው።

በዚያ ዘመን የስብሰባ ሰነዶች ላይ የታተመውን አድራሻ ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ነገሩን ሁሉ እዚያው ያገኘዋል። የሰውየው ስም፣ ቀጥሎ ፓዲስ፣ ነጥብ ጂ ኤን፣ ነጥብ ኤ ፒ ሲ፣ ነጥብ ኦ አር ጂ። ጂ ኤን ማለት ግሪንኔት ነው፤ ለንደን የሚገኝ፣ ለሰላምና ለአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት መገናኛ የሚሰጥ ድርጅት። ኤ ፒ ሲ ደግሞ የእንዲህ ዓይነቶቹ ድርጅቶች ኅብረት ነው። አዲስ አበቤው ከአዲስ አበባ ሲጽፍ በለንደን ቤት ጥገኛ ነበር ማለት ነው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ያ በር ባይከፈት ኖሮ በየት ይገባ ነበር?

ደግሞም ሌላው ዓለም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ አዲስ ሥርዓተ ክወና ጻፈና ማስቀመጫ አጣ። ቦታ የሰጠው አሪ ለምኬ ነው፤ የዩኒቨርሲቲዎቹን መረብ ሰርቨር ከሚጠብቁት አንዱ። ቶርቫልድስ ሥራውን ፍሪክስ ሊለው አስቦ ነበር፤ ለምኬ ግን ስሙ አላማረውምና ማኅደሩን «ሊኑክስ» ብሎ ከፈተው። ዛሬ የዓለም ሰርቨሮች አብዛኞቹ የሚሠሩበት ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ስሙን ያገኘው ከቤት አከራዩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማሽን የሰጠ ሰው ስምም ይሰጣል።

ፓዲስ ይህን ሳያውቅ አልቀረም። በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ ካቤካ የሚባል ፕሮግራም ሲያካሂድ ኮምፒዩተርና ሞደም በየአገሩ ማከፋፈል ብቻ አልነበረም ሐሳቡ። ማሽኑን የሚጠብቅ የአገሩ ሰው ማሠልጠንና እያንዳንዱ ጣቢያ ከተጠቃሚዎቹ በሚያገኘው ክፍያ ራሱን እንዲችል ማድረግ ጭምር እንጂ። ከፕሮግራሙ የላቀውን ክፍል ምረጥ ብባል እኔ ይህን እመርጣለሁ።

እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። በዚያው ዓመት ኮሚሽኑ ሲደራጅ የፓዲስ ስም በሌላ ክፍል ስም ተተካ። በዚያ ረጅም አድራሻ ዛሬ ቢጻፍ የሚቀበል የለም።

ወዲህ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጎሮ ብንሻገር ሌላ ዘመን ነው። በአይሲቲ ፓርኩ ውስጥ ዊንጉና ራክሲዮን የመሳሰሉ የግል የመረጃ ማዕከሎች ተከፍተዋል፤ ጄኔሬተር አላቸው፣ ማቀዝቀዣ አላቸው፣ ዘብ አላቸው። ዋጋም አላቸው።

እኛ ግን ዋጋውን አልቻልንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት ሆነን የአማርኛ ፊደል ግድፈት የሚያርም ነጻ ፕሮግራም ስንጀምር፣ ውጭ አገር ያለ ወዳጃችን ከሥራ የተሰናበተ ሰርቨር ላከልን። ገርጂ በተከራየሁት ክፍል አስቀመጥነው። ድምፁ እንደ ወፍጮ ነው። አከራዬ እትዬ በሦስተኛው ቀን በር አንኳኩተው «ልጄ፣ ይኼ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ምን ይፈጫል?» አሉኝ፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ የቆጣሪውን ወረቀት ይዘው መጡ። መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ ይወድቃል፤ እንደገና ሲነሣ ዲስኩን የሚከፍተውን የምስጢር ቃል ይጠይቃል። ቃሉን የሚያውቀው ከመካከላችን አንዱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቻችን ለመጠየቅ አፍረን ይሁን ሰንፈን አልጠየቅነውም። ልጁ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሄደ። በመጀመሪያው ዓመት ስንደውልለት ያነሣ ነበር።

ሰርቨሩ አሁንም እዚያው ነው። እትዬ ጥልፍ ልብስ አልብሰው ሬዲዮናቸውን አስቀምጠውበታል።