የጋምቤላ ሌሊት፦ ባንዲራ፣ ጭስ እና አጎበር

ጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ድልድይ አጠገብ ቆሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ያየ ሰው ሁለት ነገር አይረሳም። አንዱ ውኃው የሚይዘው ቀለም ነው። ሁለተኛው ከቀለሙ በኋላ ጆሮ ሥር የሚመጣው ድምፅ ነው። እኔ እዚያ ያደርኩባት የመጀመሪያዋ ሌሊት ክፍሌ ውስጥ አጎበር ነበረ፤ ግን በአንድ በኩል ተቀዷል። ቀዳዳውን በካልሲ ደፍኜ ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ ካልሲው ወለሉ ላይ ወድቋል፣ ሦስት የጠገቡ ቢንቢዎች ደግሞ አጎበሩ ላይ ከውስጥ በኩል ተለጥፈው ቁጭ ብለዋል። መውጫው ጠፍቷቸው ሌሊቱን ሙሉ ከእኔ ጋር አድረዋል ማለት ነው።

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ቪዲዮ ላከልኝ። አንድ ፈረንጅ ጫካ ውስጥ በሁለት ዛፎች መሃል የጨርቅ አልጋ ያንጠለጥላል፤ ሃሞክ የሚሉትን። ዙሪያውን አጎበር ተሰፍቶበታል፤ ከላይ የዝናብ ሸራ ይወጥርበታል። ሰውየው ዚፑን ከፍቶ ገባ፣ ዘጋ፣ ዝናቡ እየወረደ ተኛ። ወዳጄ «ለሚቀጥለው የጋምቤላ ጉዞህ» ብሎ ቀለደብኝ። እኔ ግን እንደ ቀልድ ላየው አልቻልኩም። ከመሬት ከፍ ማለት፣ ከቢንቢ መከለል፣ ከዝናብ መጠለል፤ ጋምቤላ ላይ ካለፉት መንግሥታት ሁሉ ሦስቱን አንድ ላይ አስቦ ለተራው ሰው ያቀረበ አላውቅም። ሁሉም የጋምቤላን ቀን አቀዱ። ሌሊቱን ግን ለነዋሪው ተዉለት።

ከመጀመሪያው እንነሳ።

በ1890 ዓ.ም. ደጃዝማች ተሰማ ናደው (ኋላ ራስ ቢትወደድ) በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ ወደ ነጭ አባይ ዘመቱ። እንግሊዝ ከሰሜን ሱዳንን እየያዘች ትመጣለች፤ ፈረንሳይ ከምዕራብ ወደ ፋሾዳ ትገሰግሳለች፤ ምኒልክም ድንበራቸውን ወንዙ ድረስ ለማድረስ ፈልገዋል። ከዘመቻው ጋር ፈረንሳዊው ፌቭር፣ ስዊዛዊው ሠዓሊ ፖተር እና የሩሲያው ኮሎኔል አርታሞኖቭ ነበሩ። ሠራዊቱ የደጋ ሠራዊት ነው። ከኢሉባቦር ከፍታ ወርዶ ባሕር ከሚያህለው የባሮና የሶባት ረግረግ ሲገባ፣ ጥይት ሳይተኮስበት መውደቅ ጀመረ። ንዳድ ያዘው።

ዋናው ጦር ወደ ኋላ ቀረ። አንድ ቡድን ብቻ እየተጎተተ ሄዶ ሰኔ ላይ ሶባት ከነጭ አባይ ከሚገናኝበት ቦታ ደረሰና ባንዲራ ተከለ። የፈረንሳይን ባንዲራ ወንዙ መሃል ካለው ደሴት ላይ መትከል የፌቭር ድርሻ ነበር፤ እሱ ግን ትኩሳት ይዞት ይንቀጠቀጣል። ዋኝተው የተከሉት አርታሞኖቭና አብረውት የነበሩት ኮሳኮች ናቸው። ከዚያም ሁሉም ተመለሱ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የፈረንሳዩ ማርሻን በሌላ አቅጣጫ መጥቶ ፋሾዳ ገባ፤ የሚጠብቀው ሰው ግን አልነበረም። በመስከረም ኪችነር በመርከብ ደረሰ። የቀረውን የፋሾዳ ጣጣ የዓለም ታሪክ መጻሕፍት ይተርኩታል።

የታሪክ ሰዎች ይህን ዘመቻ ሲተነትኑ ስለ ዲፕሎማሲ ያወራሉ፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን ቀላሉ ነገር የተዘለለ ይመስለኛል። ባንዲራ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው። ባንዲራው ሥር ማደር ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ሰዎች ነጭ አባይ ዳር ሁለት ወር የሚያድሩበት መላ ቢኖራቸው ኖሮ የምዕራብ ድንበራችን ድርድር ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ብሎ መገመት ድፍረት አይመስለኝም።

እንግሊዞቹ በአንጻሩ ስለ ማደር ያስቡ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ምኒልክ ባሮ ወንዝ ላይ ከኢታንግ አጠገብ ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት አከራዩ። ለንግድ ጣቢያ ብቻ፤ ለፖለቲካም ለጦርም አይሆንም ተባለ። በመጨረሻ የተመረጠው ኢታንግ ሳይሆን ጋምቤላ ሆነ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭነው ይወርዱ ነበር፤ ጨውና ጨርቅ ይዘው ይመጡ ነበር። ልብ በሉ፤ መርከብ የሚገባው ውኃ ሲሞላ ነው። ውኃ ሲሞላ ደግሞ ቢንቢውም ይሞላል። የጋምቤላ ገበያና የጋምቤላ ወባ አንድ ወቅት ላይ የሚደሩ ነበሩ።

ውሉ ከመፈረሙ አምስት ዓመት በፊት ሮናልድ ሮስ የተባለው ሐኪም ሕንድ ውስጥ የወባን ተውሳክ ቢንቢ ሆድ ውስጥ አግኝቶት ነበር። ወሬው ቶሎ ካርቱም ደረሰ። እዚያ የነበረው የዌልካም ቤተ ሙከራ ኃላፊ አንድሪው ባልፎር የከተማዋን ጉድጓድና የውኃ ማጠራቀሚያ እያስፈተሸ ቢንቢ ያሳድድ ነበር፤ ወንዝ ላይ የሚመጡ ጀልባዎችና መርከቦች ሳይቀሩ ይፈተሹ ነበር። ለሱዳን መንግሥት ሹም አጎበር እንደ ጫማ የመስክ ዕቃ ነው። ስለዚህ ባሮ ዳር በአንድ ሌሊት ሁለት ዓይነት ሰው ያድር ነበር፤ ቢንቢ ምን እንደምታደርግ አውቆ በመረብ የተከለለ፣ እና ቡና በበቅሎ ጭኖ ከደጋ ወርዶ ሜዳ ላይ የተዘረጋ። የደጋው ነጋዴ ንዳድን ያውቀዋል፤ ከክፉ አየር የሚመጣ መስሎት ነው እንጂ። ሸጦ ቶሎ ለመውጣት ይቸኩል ነበር።

ሦስተኛም ሰው ነበር፤ ቦታው የእሱ የሆነው። ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለ ኑዌሮች የጻፈውን ያነበበ ያስታውሳል፤ በክረምት ከብቱን ሉዋክ ከሚሉት ትልቅ ክብ ጎጆ ያስገባሉ፣ ውስጡ ኩበት ያጨሳሉ። በበጋ ከብት ይዘው ወንዝ ዳር ሲሰፍሩ ደግሞ ከኩበቱ አመድ ላይ ይተኛሉ፤ ገላቸውንም አመድ ይቀባሉ። ከተማ ያደገው ሰው ይህን ሲያይ «አመድ የለበሰ» ብሎ ይስቃል። ሳቁ ያለ ቦታው ነው። አጎበር በሌለበት አገር የተገኘ መከላከያ ነው፤ ጭሱ ዓይንና ሳንባ ያስከፍላል እንጂ ሥራውን ይሠራል። ኑዌሩም አኙዋኩም ውኃ የማይደርስበትን ጉብታ ለይቶ ያውቃል። ያ ዕውቀት በማንም መንግሥት ካርታ ላይ አልገባም፤ የዚህን ዋጋ ወደ ታች እናየዋለን።

ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 መጀመሪያ ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን አበቃ። በዚያው ዓመት፣ ጥቅምት 1949 ዓ.ም.፣ የጋምቤላ ጣቢያ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ባንዲራ ወረደ፣ ባንዲራ ወጣ።

ወደ 1977 ልለፍ። ድርቁ ወሎንና ትግራይን አደቀቀ፤ ደርግ መፍትሔው ሰፈራ ነው አለ። ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጓጓዘ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠረው ያኔ የኢሉባቦር አውራጃ ወደነበረችው ጋምቤላ መጣ። በአውቶቡስ፣ በሶቪየት አንቶኖቭ። ትራክተር ታቀደ፤ አቦቦ አካባቢ አልዌሮ ላይ ግድብ ታቀደ፤ ተሠራም። ሄክታሩ ተለካ፣ ኩንታሉ ተሰላ።

ሰውየው ማታ የት፣ እንዴት ይተኛል የሚለውስ? ከ2,000 ሜትር በላይ ያደገ፣ ሰውነቱ ወባን የማያውቅ፣ በረሃብ የተጎዳ ገበሬ፣ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለ ሜዳ ወርዶ የሣር ጎጆ ተሰጠው። መረጃ አልነበረም እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ወደ ደጋው አፋፍ ወጥቶ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል፤ ከዚያ ወዲህ አገሪቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት አቋቁማ ዲዲቲ ስትረጭ ነበር። ስለዚህ ወባ የማያውቀው የደጋ ሰው ቆላ ሲገባ ምን እንደሚሆን የመንግሥት ቢሮ ያውቀው ነበር። ከሰፋሪዎቹ ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ክረምቶች ሞቱ። የሰፈራውን አካሄድ በአደባባይ የተቃወመው የፈረንሳዩ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ ከአገር ተባረረ። መሬታቸው የተወሰደባቸው አኙዋኮችም የራሳቸው ቁስል አላቸው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋልና እዚህ በአንድ መስመር አላልፈውም።

ሌሊትን ያለማቀድ ልማድ ከደርግ ጋር አልሄደም። በ2006 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሸው ሕዝብ በመቶ ሺዎች ወደ ጋምቤላ ሲገባ፣ ሌትቾር የተባለው መጠለያ ሜዳ ላይ ተተከለ። ክረምቱ መጣ፤ ወንዙ ሞላ፤ መጠለያው ውኃ ውስጥ ገባ። ኒፕ ኒፕም እንደዚያው። ሸራው ከላይ አለ፤ ከታች ያለው መሬት ግን ኩሬ ነው። ወደ 50 ሺህ የሚጠጋውን ስደተኛ በ2007 ወደ ጄዊና ወደ ፑኚዶ ማዛወር ግድ ሆነ። ስለ ጉብታ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ያ ሜዳ በክረምት ምን እንደሚሆን ከብት የሚያግድ የአሥራ ሁለት ዓመት የኑዌር ልጅ ሊነግራቸው ይችል ነበር።

አሁን «ዛሬ እኮ አጎበር በነፃ ይታደላል» የሚለኝ አለ። እውነት ነው፤ ትልቅ ሥራም ተሠርቷል። እስከ 1999 ዓ.ም. ባሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ብቻ 20 ሚሊዮን ያህል ፀረ ተባይ የተነከረ አጎበር በመላ አገሪቱ ተሰራጭቷል፤ የወባ ሕሙማንም የሟቾችም ቁጥር በጣም ቀንሶ ነበር። ከዚያ ተመልሶ አንሠራራ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ የዓለም ጤና ድርጅት በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚና 1,157 ሞት መዝግቧል። ጦርነቱ፣ ዝናቡ፣ መድኃኒቱንና ኬሚካሉን የተላመዱት ተውሳክና ቢንቢ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው።

እኔን የሚከነክነኝ ግን አጎበሩ የሚታደልበት መንገድ ነው። በቤተሰብ ይቆጠራል፤ ለሁለት ሰው አንድ። ቤት፣ ግድግዳ፣ የሚሰቀልበት ምስማር፣ ከሥሩ አልጋ ወይም ፍራሽ እንዳለ ታስቦ ነው። ዲማ ወርቅ ሊቆፍር የሄደ ወጣት ቤት የለውም፤ ላስቲክ ነው ያለው። ለሰፋፊ እርሻ አረም የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ቤተሰቡ የተመዘገበው ሌላ ክልል ነው። ከብት ይዞ የሚንቀሳቀሰው፣ ባሮ ዳር ዓሣ ሲያጠምድ የሚያድረው፣ ጎደሬ ጫካ ማር ሊቆርጥ የሚገባው ማጃንግ፣ ሁሉም ውጭ ናቸው። በእኛ አገር ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፊለስ አረቢየንሲስ ደግሞ ከቤት ውጭም ትናከሳለች። በጣም የሚነከሰው ሰው መዝገቡ ላይ የሌለው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነው የወዳጄ ቪዲዮ ትዝ የሚለኝ። ተንጠልጣይ አልጋ የፈረንጅ መዝናኛ አይደለም፤ ከፈረንጅም አልመጣም። ካሪቢያን ደሴቶች ላይ ታይኖ የተባሉት ሕዝቦች ይተኙበት ነበር፤ ስሙም የእነሱ ነው። የኮሎምበስ መርከበኞች አይተው ወሰዱት። የአሜሪካ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጫካ ውጊያ አጎበርና የዝናብ ጣሪያ ሰፍቶበት ለወታደሮቹ አደለ፤ እ.ኤ.አ. የ1942 ሞዴል ይባላል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ጤና ሰዎች እጅ ገባ። ቬትናም ውስጥ፣ ኒን ቱዋን በተባለ ክፍለ ሀገር፣ ጫካ ውስጥ እያደሩ ለሚሠሩ ገበሬዎች ፀረ ተባይ የተነከረ መረብ ያለው ሃሞክ ታድሎ በጥናት ተፈትኗል፤ ወባን ቀንሷል። በቬኔዝዌላ አማዞን ለያኖማሚ ሕዝብም እንዲሁ። በሁለቱም ቦታ የተነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሰውን ወደ አጎበሩ ከማምጣት አጎበሩን ሰው ወደሚተኛበት ብንወስደውስ?

ለጋምቤላ ሁሉ ይሆናል አላልኩም። ጂካው ሜዳ ላይ ማሰሪያ ዛፍ ፍለጋ ስትዞር ይመሻል። ሕፃን ያቀፈች እናት የምትተኛበት ዕቃ አይደለም። ስሱ ጨርቅ ከሆነና መድኃኒት ካልተነከረ ቢንቢ ከሥር በጀርባ በኩል ትናከሳለች፤ ይህን የሞከረው ያውቀዋል። ዲማና ጎደሬ ግን ዛፍ አላቸው። ማጃንጉ የንብ ቀፎውን ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ እሱ ራሱ ከዛፉ ሥር ይተኛል።

የሚያስፈልገው ሙከራ ትንሽ ነው። አንድ የወርቅ ቁፋሮ ሰፈር፣ አንድ ክረምት፣ ጥቂት መቶ ሰው፣ ከአጠገቡ ካለው ጤና ኬላ የደም ምርመራ መዝገብ ጋር ማነጻጸር። ጨርቁን የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ጋምቤላ ገበያ ውስጥ አይጠፋም። የሚከብደው የማደያ ቅጹ ነው፤ ከስም ቀጥሎ ያለው ዓምድ አሁንም «የቤት ቁጥር» ይላል።