የአሜሪካ ፉትቦል፦ የመላተም ልምምድ መቀነሱ ለወጣት ተጫዋቾች ምን ማለት ነው?

በአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች በግጥሚያ ቀን በሙሉ ኃይላቸው ይላተማሉ። ለዚህ የሚዘጋጁባቸው የልምምድ ቀናት ግን እአአ ከ2011 ወዲህ በእጅጉ ቀንሰዋል። የአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ ኤንኤፍኤል እና የተጫዋቾች ማኅበር የደረሱበት ስምምነት፣ ሙሉ መከላከያ ለብሶ መላተምን በቁጥር ገድቦታል።

ዓላማው የተጫዋቾችን አንጎልና አካል ከጉዳት መጠበቅ ነው። ሆኖም አንዳንዱ ሙያ የሚገኘው ከሌላ ሰው ጋር በመታገል በመሆኑ፣ ገደቡ አንድ ጥያቄ አስከትሏል። ልምድ የሌላቸው ወጣቶች ይህን ሙያ የት ይማሩት?

ደንቡ ምን ይላል?

በ2011 የክለብ ባለቤቶች ተጫዋቾችን ከአራት ወራት በላይ ከሥራ ካገዱ በኋላ አዲስ የሥራ ስምምነት ተፈረመ። በዚህም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሙሉ መከላከያ ለብሶ መለማመድ ቀረ። በመደበኛው የውድድር ዘመን እንዲህ ያሉ ልምምዶች ከ14 እንዳይበልጡ ተወሰነ። ከውድድር ዘመን ውጪ ያለው የዝግጅት ጊዜም ከ14 ሳምንታት ወደ ዘጠኝ ዝቅ አለ። በእነዚህ ሳምንታት መላተም የተከለከለ ነው።

በ2020 የጸደቀው ስምምነት ደግሞ ከውድድሩ በፊት በሚካሄደው ካምፕ ሙሉ መከላከያ የሚለበስባቸውን ልምምዶች በ16 ገደበ። በ2021 መደበኛ ግጥሚያዎች ከ16 ወደ 17 ሲያድጉ፣ ክለቦች ወጣቶችን የሚሞክሩባቸው የቅድመ ውድድር ግጥሚያዎች ከአራት ወደ ሦስት ወረዱ። በሌላ አነጋገር የፈተናው ቀን ሲጨምር የትምህርቱ ቀን ቀንሷል።

ለውጡ ከየት መጣ?

ናይጄሪያ የተወለደው የአስከሬን ምርመራ ሐኪም ቤኔት ኦማሉ፣ በ2002 ሕይወቱ ያለፈውን የፒትስበርግ ስቲለርስ የቀድሞ ተጫዋች ማይክ ዌብስተርን አንጎል መረመረ። ያገኘው ሲቲኢ በሚል ምህጻር የሚታወቀውን፣ በተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት ሳቢያ የሚከሰት የአንጎል ሕመም ነበር። ግኝቱ በ2005 በሕክምና መጽሔት ታትሞ ብዙ ክርክር አስነሳ።

በ2017 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ከተመረመሩ 111 የቀድሞ የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች አንጎሎች በ110ሩ ላይ ሕመሙን አግኝቷል። አንጎላቸው ለጥናት ከተሰጠው መካከል ብዙዎቹ በሕይወት ሳሉ ምልክት የታየባቸው በመሆናቸው፣ አሃዙ የሁሉንም ተጫዋቾች ሁኔታ አያሳይም። ቢሆንም ሊጉን ያሳሰበ ውጤት ነበር።

በልምምድ ላይ ማተኮር ያስፈለገበትም ምክንያት አለ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተጫዋቾች ላይ የተካሄደና በ2021 የታተመ ጥናት፣ ከተመዘገቡት የአንጎል መናወጥ ጉዳቶች 72 በመቶ ያህሉ የደረሱት በግጥሚያ ሳይሆን በልምምድ ወቅት መሆኑን አመልክቷል። ግጥሚያ ያለ መላተም አይታሰብም፤ ልምምድን ማለዘብ ግን ይቻላል።

ማን ይጠቀማል? ማንስ ይጎዳል?

የገደቡ ጫና በሁሉም ላይ እኩል አያርፍም። ኳስ አቀባዩ ኳርተርባክ ድሮም ቢሆን በልምምድ ላይ እንዳይነካ የተለየ ቀለም ያለው ማሊያ ይለብሳል። እርሱም ሆነ ኳሱን በሩጫ የሚቀበሉት ተጫዋቾች አብዛኛውን ሥራቸውን ያለ መላተም መለማመድ ይችላሉ።

ኳርተርባኩን የሚከልሉት የመስመር ተጫዋቾች ነገር ግን ይለያል። ከ130 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ሰው ተንደርድሮ ሲመጣ እጅ የት እንደሚያርፍ፣ ወገብ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል፣ እግር በየትኛው ቅጽበት እንደሚተከል በሰሌዳ ወይም በቪዲዮ ብቻ አይጠናም። የሚገፋ ሰው ከሌለ ስህተቱም አይታይም። በዚያ ላይ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ፈጣንና የተበታተነ አጨዋወት ስለሚከተሉ፣ ወጣቶቹ በኤንኤፍኤል የሚፈለገውን የትግል ስልት ጠንቅቀው ሳያውቁ ይመጣሉ።

ችግሩን የሚያወሳስበው ዌብስተር ራሱ የመስመር ተጫዋች መሆኑ ነው። መላተምን ደጋግሞ መለማመድ በጣም የሚያስፈልገው ቦታ፣ አነስተኛ ግን ተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት በብዛት የሚደርስበትም ቦታ ነው። ትምህርቱና ጉዳቱ የሚመጡት በአንድ በር ነው።

ሁለተኛው ልዩነት በነባርና በአዲስ ተጫዋች መካከል ያለው ነው። አሥር ዓመት የተጫወተ ሰው ሙያው ከሰውነቱ ጋር ተዋህዷል፤ ዕረፍቱ ዕድሜውን ያራዝምለታል። ማንም ክለብ ሳይመርጠው በሙከራ ወደ ካምፕ የገባ ወጣት ግን ራሱን የሚያሳይባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። በካምፕ ከሚሰበሰቡ 90 ያህል ተጫዋቾች በዋናው ቡድን የሚቀሩት 53 ብቻ ናቸው። አሰልጣኙም ያሉትን ውስን ልምምዶች በቅድሚያ የሚያውለው ለመጪው ግጥሚያ ለሚሰለፉት ነው።

በእግር ኳስ ወጣት ተጫዋች በውሰት ወደ ሌላ ክለብ ሄዶ ልምድ ሊያካብት ይችላል። ኤንኤፍኤል ይህ አሠራር የለውም። ለወጣቶች መፈተኛ ያገለግል የነበረው የአውሮፓ ሊጉም በ2007 ተዘግቷል። ተተኪዎች የሚቆዩበት የልምምድ ቡድን እየሰፋ መጥቶ 16 ሰው ቢደርስም፣ የመላተም ገደቡ በዚያም ይሠራል።

ሳይላተሙ መማር ይቻላል?

አንዳንድ ተሞክሮዎች ቢያንስ በከፊል እንደሚቻል ያሳያሉ። የዳርትመዝ ኮሌጅ አሰልጣኝ የነበሩት ባዲ ቲቨንስ፣ ተጫዋቾቻቸው በልምምድ ላይ እርስ በርስ እንዳይጣጣሉ በ2010 ከለከሉ። በምትኩ ኳስ ይዞ የሚሮጥን ሰው ይዞ መጣል የሚለማመዱት በአሻንጉሊት ላይ ሆነ፤ ኋላም በኮሌጁ የምሕንድስና ትምህርት ቤት በርቀት መቆጣጠሪያ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ተሠራ። በ2008 አንድም ግጥሚያ ያላሸነፈው ቡድን በ2015 የአይቪ ሊግን ዋንጫ ከሌሎች ጋር ተጋርቷል። በቀጣዩ ዓመት የሊጉ አሰልጣኞች በውድድር ዘመን ልምምድ ላይ መጣጣልን ለማስቀረት ተስማሙ።

በኤንኤፍኤልም ሲያትል ሲሃውክስ በ2014 ከራግቢ የተቀዳ፣ ጭንቅላትን አርቆ በትከሻ የመያዝ ስልትን የሚያስተምር ቪዲዮ አሰራጭቷል። ስልቱ ደረጃ በደረጃ ተከፋፍሎ በዝግታ ሊጠና ይችላል።

ከመስመር ተጫዋቾች መካከል የሚጠቀሰው አውስትራሊያዊው ጆርዳን ማይላታ ነው። በ2018 ፊላዴልፊያ ኢግልስ ሲመርጠው የራግቢ ተጫዋች ነበር፤ የአሜሪካ ፉትቦል ግጥሚያ አድርጎ አያውቅም። ጉዳትም ስለነበረበት በመደበኛ ግጥሚያ የተሰለፈው በ2020 ነው። ቀስ በቀስ የኳርተርባኩ ዋና ጠባቂ ሆኖ፣ በ2025 መጀመሪያ ከክለቡ ጋር የሱፐር ቦውል አሸናፊ ለመሆን በቅቷል። ታሪኩ በገደቡ ውስጥም ማደግ እንደሚቻል ያረጋግጣል፤ የጠየቀውን ትዕግሥትም እንዲሁ። ለድራፍት ተመራጮች የመጀመሪያው ውል አራት ዓመት ነው። ሁለቱን ዓመታት ያለ ጨዋታ ለመጠበቅ የሚፈቅድ ክለብ ብዙ አይደለም።

ወደፊትስ?

ገደቡ የአጨዋወቱን ጥራት ምን ያህል እንደለወጠ ነጥሎ መለካት አዳጋች ነው። የጨዋታው ሕግ፣ የግጥሚያዎች ብዛትና የዩኒቨርሲቲዎች አጨዋወት በአንድ ዘመን ተለውጠዋልና። ወደ ቀድሞው ልምምድ የመመለስ ዕድል ግን ጠባብ ይመስላል። ሊጉ በ2019 ሁለት ተጫዋቾችን ፊት ለፊት የሚያላትሙ ነባር ልምምዶችን አግዷል፤ በ2022ም በተወሰኑ ቦታዎች የሚጫወቱ በካምፕ ልምምድ ከራስ ቁራቸው በላይ ለስላሳ ሽፋን እንዲያጠልቁ አዟል።

ጉዳዩ ለአፍሪካውያን ወጣቶችም ሩቅ አይደለም። ሊጉ በ2023 በናይሮቢ የምልመላ ካምፕ አካሂዷል፤ ማይላታ ያለፈበት የዓለም አቀፍ ተጫዋቾች መርሐ ግብርም ከአህጉሪቱ ወጣቶችን ይቀበላል። ስፖርቱን ዘግይተው የሚጀምሩት እነዚህ ወጣቶች ከማንም በላይ ልምምድ ያስፈልጋቸዋል። የሚጠብቃቸው ሊግ ግን ከቀድሞው ይልቅ ለአንጎላቸው የሚጠነቀቅ፣ ለመማሪያ የሚሰጣቸው ቀን ደግሞ ያነሰ ነው።