መርዝ የመሰከረላቸው ሦስት ፕሮቲኖች

መንጋጋ ቆልፍ፣ ማለትም ቴታነስ የያዘው ሰው ጡንቻው ለምን እንደሚግተረተር አስባችሁ ታውቃላችሁ? የመልሱ ግማሽ የመጣው ከዳቦ እርሾ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ታሪኩ ረዘም ይላል፣ ግን ታገሱኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ሴሎቻችን ወደ ውጭ የሚልኩትን ፕሮቲን በጥቃቅን ከረጢቶች ይጭኑታል። ይህንን በቆሽት ሴል ላይ ያሳየው የሮማኒያ ተወላጁ ጆርጅ ፓላዲ በ1974 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። አንድ ጥያቄ ግን ቀረ፦ ከረጢቱ የት መራገፍ እንዳለበት በምን ያውቃል?

ራንዲ ሼክማን በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ፣ ጥያቄውን ይዞ ወደ እርሾ ሄደ። የመጀመሪያው የገንዘብ ማመልከቻው ውድቅ ተደርጎበት ነበር። እሱና ተማሪው ፒተር ኖቪክ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ሲደርስ ጭነት ማራገፍ የሚያቅታቸውን እርሾዎች እየለቀሙ፣ በ1980 ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉ 23 ጂኖችን ለዩ።

በዚያው ዘመን ጄምስ ሮትማን በስታንፎርድ ሌላ መንገድ ያዘ። የእንስሳ ሴል ሰባብሮ፣ የከረጢቱን ጉዞ በብልቃጥ ውስጥ ማስኬድ! ብዙዎች አይሆንም ያሉት ነገር ሆነ። በ1988 ቡድኑ ኤንኤስኤፍ የተባለ ፕሮቲን አጠራ። በዓመቱ ሲመሳከር ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሼክማን እርሾ ውስጥ ካገኛቸው አንዱ፣ ሴክ18 ሆኖ አረፈው። እርሾና እንስሳ አንድ ዓይነት ማሽን ይጠቀማሉ ማለት ነው።

በ1993 የሮትማን ቡድን ኤንኤስኤፍን እንደ መንጠቆ ተጠቅሞ ከከብት አንጎል ሦስት ፕሮቲኖች አወጣ፦ ሲናፕቶብሬቪን፣ ሲንታክሲን እና ስናፕ-25። የመጀመሪያው ከረጢቱ ላይ፣ ሁለቱ መድረሻው ሽፋን ላይ ይቀመጣሉ። ሲገናኙ እንደ ገመድ ተጠማዝዘው ሁለቱን ሽፋኖች ያጣብቃሉ፤ ያኔ ሽፋኖቹ ይዋሃዳሉ፣ ጭነቱ ይፈሳል።

ከዚያ በፊት ግን ከረጢቱን ከርቀት ይዞ የሚያስጠጋው ይፈለጋል። በእኛ ሰፈር ቋንቋ ልንገራችሁ፦ ራብ የሚባሉት ፕሮቲኖች የታክሲው ታፔላ ናቸው። በስምንት ፕሮቲኖች የተዋቀረው ኤክሶሲስት ደግሞ ታፔላውን አይቶ "እዚህ ጋ ቁም" የሚል ተራ አስከባሪ ነው። ኤክሶሲስትን የለየውም ያው የእርሾው ተማሪ፣ ኖቪክ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ነው።

ነርቭ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል፦ ፍጥነት። ቶማስ ሱድሆፍ በቴክሳስ፣ ዳላስ፣ ሲናፕቶታግሚን የተባለው ፕሮቲን ካልሲየም ሲገባ ምልክቱን እንደሚቀበል አሳየ። ከሴኮንድ አንድ ሺኛ ባነሰ ጊዜ ከረጢቱ ይፈነዳል።

አሁን ወደ መርዙ። በ1992 በጣሊያን ፓዶቫ የጃምፒዬትሮ ስኪያቮ እና የቼዛሬ ሞንቴኩኮ ቡድን የቴታነስ መርዝ መቀስ መሆኑን ደረሰበት፤ የሚቆርጠው ሲናፕቶብሬቪንን ነው። ቦቱሊነም የተባለው የምግብ መመረዝ መርዝም፣ እንደ ዓይነቱ፣ ከሦስቱ አንዱን ወይም ሁለቱን ይቆርጣል። እኔን ከምንም በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው፦ ሳይንቲስቶቹ ማሽኑ እነዚህ ናቸው ሲሉ፣ መርዙ ደግሞ እነዚህን ብትቆርጥ ነርቭ ዝም ይላል ብሎ መሰከረላቸው።

ታዲያ መቀሱ አንድ ከሆነ በሽታው ለምን ይለያያል? ቦቱሊነም ጡንቻን የሚያዘውን ነርቭ ጫፍ ዝም ያሰኛል፤ ሰውነት ይዝላል። ቴታነስ ግን ወደ ኅብለ ሰረሰር ወጥቶ "በቃ፣ ልቀቅ" የሚሉትን ነርቮች ነው ዝም የሚያሰኘው። ከልካይ ያጣ ጡንቻ ይግተረተራል።

ሼክማን፣ ሮትማንና ሱድሆፍ በ2013 ኖቤልን ተጋሩ። የቴታነስ ክትባት ግን ይህ ሁሉ ከመታወቁ ከብዙ ዓመታት በፊት የተሠራ ነው። እትብቱ ባልጸዳ ምላጭ የተቆረጠ ጨቅላ በዚህ መርዝ ሲሞት ያየች አገር፣ ኢትዮጵያ፣ በ2017 የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ቴታነስን እንዳስወገደች ተረጋግጦላታል። ማስወገድ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም፤ ባክቴሪያው አፈር ውስጥ አለ። ነፍሰ ጡር እህት ወይም ሚስት ያላችሁ፣ ክትባቷን መጨረሷን ዛሬ ጠይቁልኝ።