የትራክ ውሎ

የትራክ ውሎ አሽከርካሪዎች የገዛ መኪናቸውን ወይም የተከራዩትን ይዘው፣ ለእግረኛና ለሌላ ተሽከርካሪ በተዘጋ የውድድር ጎዳና ላይ፣ ከጎናቸው አሰልጣኝ አስቀምጠው በፍጥነት መንዳት የሚለማመዱበት የአንድ ቀን ሥልጠና ነው። ውድድር አይደለም። አሸናፊ የለውም፤ ብዙዎቹ አዘጋጆች ሰዓት መያዝን ጭራሹን ይከለክላሉ። መደበኛው የመንጃ ፈቃድ ትምህርት መኪና አስነስቶ፣ ማርሽ ቀይሮ፣ ወደ ኋላ ሄዶ በምሰሶዎች መካከል ማቆምን ያስተምራል፤ የትራክ ውሎ ደግሞ መኪናው እምቢ የሚልበትን ጠርዝ ያሳያል። ፍጥነቱ ዓይን ስለሚስብ ብዙ ሰው ውሎውን የችኮላ ትምህርት አድርጎ ያየዋል። የሥልጠናው ይዘት ሲመረመር ግን ፍሬ ነገሩ ፍሬን ነው ለማለት የሚያስችል በቂ ምክንያት አለ፤ ፍጥነቱ ያንን ለማሳየት የሚውል መሣሪያ ነው። አዳማንና የስምጥ ሸለቆ ከተሞችን በሚመለከትም ለጉዳዩ ትርጉም የሚሰጠው ይኸው ልዩነት ነው።

አመጣጥ

የእሽቅድምድም አነዳድን በክፍያ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች በስፋት የታወቁት እንግሊዛዊው ጂም ራስል በ1957 እ.ኤ.አ. ስኔተርተን በተባለው ጎዳና ላይ ካስተማረበት ጊዜ ወዲህ ነው፤ በአሜሪካ ቦብ ቦንዱራንት በ1968 ተከትሏል። በ1927 የተከፈተው የጀርመኑ ኑርቡርግሪንግም ውድድር በሌለበት ቀን ክፍያ ለፈጸመ ተራ አሽከርካሪ ይከፈታል፤ የሰሜኑ ዙር ብቻውን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ መንዳትን እንደ ሙያ የመማር ታሪክ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ መነሻውም አከራካሪ ነው። የመጀመሪያዋን መኪና አዲስ አበባ ያስገባው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ሁለት ባለቤት አለው። አንደኛው እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ሲሆን ሲድሊ የተባለች መኪና ከጅቡቲ አስነስቶ፣ ቆላውን አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ አድርሷል። ሁለተኛው ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ነው፤ ናኬ የተባለች የአገሩን ሥሪት ይዞ በዚያው ሰሞን ገብቷል። ሁለቱም ጉዞዎች በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የተደረጉ ናቸው፤ ልዩነታቸው በወራት የሚቆጠር ይመስላል። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ቅድሚያውን ለቤንትሊ ይሰጣሉ። (ስሙን ከታዋቂው የቤንትሊ ፋብሪካ ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ ፋብሪካው የተመሠረተው ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ በሌላ ቤንትሊ ነው።) ያን ጊዜ የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። አዳማም ከጣቢያነት ወደ ከተማነት ያደገችው ከሐዲዱ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ወደ ሸዋ የወጡት መንገድ የሚባል ነገር ባልነበረበት አገር ነው፤ ድንጋይ እየተነሣ፣ ገደል እየተደለደለ፣ አንዳንዴም በሰው ጉልበት እየተገፋ።

ከዚህ ክርክር ይልቅ ለዚህ መጣጥፍ የሚጠቅመው ቀጥሎ የሆነው ነው። ምኒልክ መኪና የሚነዳና የሚጠግን ሰው ስላስፈለጋቸው ወጣቱን ተሰማ እሸቴን በ1900 ዓ.ም. ከሆልትስ ጋር ወደ ጀርመን ላኳቸው። ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ፣ ከአዳማ በስተ ሰሜን በምትገኘው ምንጃር እንደተወለዱ ይነገራል። ዛሬ በይበልጥ የሚታወቁት በርሊን ሳሉ ባስቀረጿቸው የሸክላ ዘፈኖች ነው፤ የአማርኛ ዘፈን የሸክላ ታሪክ ከእሳቸው ይጀምራል ቢባል ስሕተት አይሆንም። የተላኩት ግን ለዘፈን አልነበረም። ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው የተመለሱት መንዳትንና ጥገናን ባንድነት ተምረው ነው። በዘመኑ ሁለቱ አይለያዩም ነበር፤ ሞተሩ መንገድ ላይ ሲቆም ኮፈኑን የሚከፍተው ራሱ ሾፌሩ ነውና። ኋላ ከጣሊያኖች ጋር ጋራዡ ሲስፋፋ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ጎማ የሚሉት ቃላት ገቡ፤ መካኒኩና ጎሚስታው ሾፌሩን ትተው የየራሳቸውን ሙያ ያዙ። የዛሬው መንጃ ፈቃድ ያዥ መኪናው ከሥሩ ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ መንዳት ይችላል። የትራክ ውሎ ይህን የተለያየ ዕውቀት ለአንድ ቀን መልሶ ያገናኛል ማለት ይቻላል።

የውሎው ይዘት

ቀኑ የሚጀምረው በፍተሻ ነው። ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ የባትሪ ማሰሪያ፣ የመኪና ቀበቶ ይታያሉ፤ ፖርቶባጋልዮ ውስጥ የተቀመጠ ክሪክም ሆነ የውኃ ጀሪካን ይወጣል፤ በኃይለኛ ፍሬን ጊዜ ወደ ፊት ይወረወራልና። ሄልሜት ግዴታ ነው። ከዚያ የባንዲራዎች ትርጉም ይነገራል፦ ቢጫ ሲውለበለብ ፊት ለፊት አደጋ አለ፣ ቀይ ሲሆን ጉዞው ለሁሉም ተቋርጧል፣ ጥቁር የታየው አሽከርካሪ ወደ ማረፊያው ይግባ። መቅደም የሚፈቀደው በተወሰነ ቀጥተኛ ቦታ ሲሆን፣ ፊት ያለው በእጁ ምልክት ካልሰጠ ኋላ ያለው አይቀድምም። ተሳታፊዎች በልምዳቸው ይከፋፈላሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነድቶ ለሌላው ይለቃል። አዲስ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲነዳ እውላለሁ ብሎ ከመጣ አብዛኛውን ሰዓት ቆሞ ሲያይ ሊገርመው ይችላል። መቆሙ ግን ለጎማውም፣ ለፍሬኑም፣ ለራሱም ነው፤ ትኩረት ከሞተር ቀድሞ ይደክማል።

በትምህርቱ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ፍሬን ነው። ጀማሪ አሽከርካሪ ፍሬን ሲይዝ በሥጋት ቀስ ብሎ ይጀምርና መኪናው አልቆም ሲለው ወደ መጨረሻው ይረግጣል። አሰልጣኙ የሚያስተምረው ተቃራኒውን ነው፦ ጫናው በመጀመሪያው ሜትር ላይ ይሁን፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ እግር ይላላ። መኪናው ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት ያለው ከሆነ ፔዳሉ እግር ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ይህን ተሰምቶት የማያውቅ ሰው የተበላሸ መስሎት እግሩን ያነሣል። በክፍት መንገድ ላይ የሚያስገጨው ይኸው ማንሣት ነው። ሁለተኛው ትምህርት ዓይን ነው። እጅ ዓይንን ይከተላል፤ ኩርባ ውስጥ የገባ ሰው የሚፈራውን ጠርዝ ካየ ወደዚያው ይሄዳል፣ መውጫውን ካየ ወደ መውጫው ይሄዳል። ሦስተኛው ጎማ ያለው አቅም አንድ መሆኑ ነው፦ የያዘውን ሁሉ ለማቆም ካዋለው ለማዞር የሚተርፈው የለም። ለዚህ ነው ፍሬን ቀጥታ ላይ ተይዞ ኩርባ ላይ የሚለቀቀው።

የቁጥሩ ነገር ቀላል ነው፣ ግን ስሜት ያታልለዋል። በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ደኅና መኪና ፍሬን ከተረገጠ በኋላ 20 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል፤ በ120 ግን የሚያስፈልገው 40 ሳይሆን ወደ 80 ሜትር ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። አሽከርካሪው አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ የምታልፈዋ አንዲት ሰከንድ በ120 ላይ ሌላ 33 ሜትር ትጨምራለች።

ወጪ

ከመግቢያ ክፍያ ሌላ ዋናው ወጪ ጎማና የፍሬን ሸራ ነው። የተለመደው የመኪና መድን በትራክ ላይ የደረሰ ጉዳትን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም።

በአዳማና በስምጥ ሸለቆ

በኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ደረጃ የተሰጠው ቋሚ የውድድር ጎዳና የለም። በዚያው የስምጥ ሸለቆ ደቡባዊ ክፍል፣ ኬንያ ናይቫሻ ላይ፣ በ1953 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሳፋሪ ራሊ ከ2021 ወዲህ እንደገና የዓለም ሻምፒዮና አካል ሆኖ ይካሄዳል፤ ራሊ ግን ከትራክ ውሎ የተለየ ነው። በደቡብ አፍሪካ ኪያላሚ ከ1961 ጀምሮ ያገለግላል።

ከዚህ ተነሥቶ ሊቀርብ የሚችለው የመጀመሪያ ተቃውሞ «ፈጣን መንገዱ እያለ ትራክ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ በ2007 ዓ.ም. መባቻ ለአገልግሎት ክፍት ሲሆን በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር፤ ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ባለ ስድስት መስመር፣ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 120። ከሞጆ ተገንጥሎ ወደ መቂና ባቱ የሚወርደው 93 ኪሎ ሜትር ያህል ክፍልም ተጨምሯል። ተቃውሞው የሚስተው ነገር አለ። ጥሩ ፈጣን መንገድ የሚሠራው አሽከርካሪው ምንም ችሎታ ሳያስፈልገው በ120 እንዲያልፍ ተደርጎ ነው፤ ኩርባው ሰፊ፣ ቁልቁለቱ ለስላሳ፣ እይታው ረጅም ነው። ስለዚህ ሺህ ጊዜ የተመላለሰበት ሰው ስለ መኪናው ጠርዝ አንዲት ነገር ላይማር ይችላል። የሚማርባት ቀን ብትመጣ የምትመጣው ጎማ ሲፈነዳ ወይም ከብት አጥሩን አልፎ ሲገባ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ድጋሚ ሙከራ የለም። በትራክ ላይ የሳተ መኪና የሚያርፈው በጠጠር ሜዳ ላይ ነው።

እንዲያውም የፈጣን መንገዱ ልዩ አደጋ ያለው ከክፍያ በሩ በኋላ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ለአንድ ሰዓት 120 የለመደ ዓይን 60ን እንደ ዝግታ ያየዋል፤ ክፍያውን ከፍሎ አዳማ ሲገባ የሚጠብቀው ደግሞ ከየአቅጣጫው የሚገባ ባጃጅ፣ ተሳፋሪ ለማንሣት የሚቆም አባዱላ፣ የመንገድ ዳር ይዞ የሚሄድ የፈረስ ጋሪ ነው። ከመቂና ከባቱ መውጫዎችም የሚገጥመው ከዚህ የተለየ አይደለም።

የአካባቢው መልክዓ ምድር ሌላ ማስረጃ ይሰጣል። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,430 ሜትር ላይ ስትሆን አዳማ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ብቻ ከፍ ትላለች፤ በመካከል ያለው 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአሰላ በኢተያና በዴራ በኩል የሚወርድ ሾፌር ማርሹን ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዝለት ካላደረገ ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ላይ ተደግፎ ይወርዳል። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርጥበት ከአየር እየሳበ ሲያረጅ ግን 155 አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ዶት 3 ከዚያም ያንሳል፦ 205 እና 140። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወለል ድረስ ይወርዳል። በትራክ ላይ ይህ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዙር የሚታይ የተለመደ ነገር ነው፤ ስለዚህም ነው አዘጋጆች ዘይቱ መቼ እንደተለወጠ የሚጠይቁት። ሲጎድል መሙላት እንጂ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ መለወጥ ባልተለመደበት ቦታ ያው ክስተት ቁልቁለት ላይ ይጠብቃል። ከፍታው ራሱ ያታልላል፦ በአዳማ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ወደ አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሚያንስ ቱርቦ የሌለው ሞተር ይደክማል፤ የመኪናው ክብደትና የማቆሚያው ርቀት ግን እዚያው ናቸው።

ክርክር

ከሁሉም የጠነከረው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፦ በፍጥነት መንዳትን የተማረ ሰው በፍጥነት ይነዳል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከፍሎሪዳ፣ ከኒውዮርክና ከቴክሳስ የተወሰዱ የእሽቅድምድም ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ከተራ አሽከርካሪዎች ጋር አነጻጽሮ፣ በሕዝብ መንገድ ላይ የባሰ የአደጋና የጥሰት መዝገብ ያላቸው እሽቅድምድመኞቹ መሆናቸውን አሳይቷል። ኖርዌይ በሚያንሸራትት መንገድ ላይ የሚሰጥ ሥልጠናን ለአዲስ አሽከርካሪዎች ግዴታ ካደረገች በኋላ የተሠራ ግምገማም የወጣት ወንዶች አደጋ ከፍ ብሎ ማግኘቱ ይጠቀሳል። የመጀመሪያው ጥናት ለእሽቅድምድም የሚሳቡት ከመነሻውም ደፋሮቹ ስለሆኑ ነው ተብሎ በከፊል ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው ግን እንዲህ አይመለስም፤ ሥልጠናው ግዴታ ነበርና መራጭ አልነበረም።

መልሱ የሚገኘው በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመ የስዊድን ሙከራ ይመስላል። ወጣት አሽከርካሪዎች በሁለት ተከፍለው አንደኛው ቡድን የፍሬንና የማምለጥ ችሎታ እንዲያዳብር፣ ሁለተኛው ደግሞ ችሎታው የት እንደሚያልቅ እንዲያይ ተደርጎ ሠለጠነ። ሲፈተኑ በችሎታ አልተበላለጡም፤ የመጀመሪያው ቡድን ግን ራሱን ከፍ አድርጎ ገመተ። እንግዲህ ጥፋቱ በልምምዱ ውስጥ ሳይሆን በልምምዱ ዓላማ ውስጥ ነው። «አሁን ቻልክ» ብሎ የሚያሰናብት ውሎ ሊጎዳ ይችላል፤ «እዚህ ላይ አልቻልክም» ብሎ የሚያሳይ ይጠቅማል።

ለዚህኛው ደግሞ የውድድር ጎዳና የግድ አይደለም፤ ለተሽከርካሪ የተዘጋ፣ ደልዳላና ሰፊ አስፋልት ይበቃል። ልምምዱ እንዲህ ነው፦ አሽከርካሪው ከመነሣቱ በፊት ወርዶ በ40፣ በ60 እና በ80 ፍሬን ቢይዝ የት እንደሚቆም ራሱ ሦስት ኮን ይተክላል። ከዚያ ይነዳል፣ ከአንዲት የተሰመረች መስመር ላይ ፍሬን ይይዛል፣ በቆመበት ሌላ ኮን ይተከላል። በ40 የሚቆመው 9 ሜትር አካባቢ ሲሆን ግምቱ ብዙም አይስትም። በ80 ግን መኪናው ወደ 35 ሜትር ይሄዳል፤ የ40ውን ግምት እጥፍ አድርጎ 18 ሜትር ላይ የተከለው ኮን ከመኪናው ሥር ተጨፍልቆ ይገኛል።